በቀትር የተዘጉ በሮች

ስለ ካውቦይ ፊልም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፈረስ፥ አቧራና የጥይት ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው «ሃይ ኑን» ግን ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ ተማሪ ሁሉ ሊያየው ይገባል ባይ ነኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹም በሠርጉ ዕለት ሥራውን ሊለቅ ሲል፥ ቀድሞ ያሳሰረው ነፍሰ ገዳይ ምሕረት አግኝቶ በቀትር ባቡር እንደሚመጣ ይሰማል። ሹሙ ረዳት ፍለጋ ይዞራል። ዳኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይሸሻል፤ አንዱ ወዳጁ ተደብቆ ሚስቱን «የለም በይ» ይላታል፤ በቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡትም እያመሰገኑት «ብትሄድልን ይሻላል» ይሉታል። የሰዓቱ ዘንግ በእነርሱ ዐሥራ ሁለት፥ በእኛ ስድስት ሰዓት ወደሚሆነው ይገሰግሳል።

ይህ ተራ ተረት አይደለም። የፊልሙ ደራሲ ካርል ፎርማን፥ ሥራው ገና ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሙኒስቶችን በሚያድነው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልጠራም አለ። ስለዚህ ከሥራ ታግዶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ተዋናዩ ጆን ዌይን ፊልሙን ፀረ አሜሪካዊ ነው ሲል አወገዘው፤ የፖላንዱ የሠራተኞች ማኅበር ሶሊዳሪቲ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ምርጫ የኩፐርን ምስል በፖስተሩ ላይ አወጣ።

ላስታ ያደገ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ልቡ ይከነክነዋል። በእኛ ዘንድ ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ጎረቤት ስሙ ይጎድፋልና።

ሆኖም ፍጻሜውን አልቀበልም። ሹሙ በሚስቱ ርዳታ ካሸነፈ በኋላ የሹመት ምልክቱን አቧራ ላይ ጥሎ በጋሪ ይሄዳል። የላስታ ገበሬ መሬቱን ጥሎ ወዴት ይሂድ? በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፥ በሩን የከፈተም የዘጋም በማግሥቱ የሚሳለመው ያንኑ ደጀ ሰላም ነው። በሩን ከዘጋው ጎረቤት ጋር አብሮ መኖር ከተኩሱ ይልቅ ከባድ ነው፤ ፊልሙ ግን ይህን ሳይነካ ያልፋል።

እንግዲህ እንየው። አይተን ስንወጣ ግን «እኔ ብሆን እንደ ሹሙ እቆም ነበር» ለማለት አንቸኩል። አንድ ጓደኛችን ብቻውን ሲከሰስ ከመኝታ ክፍላችን ያልወጣንበትን ቀን አስቀድመን እናስብ።