ከተማዋ ወደ ቡሹሎ ስትዘልቅ፦ የአፊኒና የጉዱማሌ ዕጣ

ከሐዋሳ መሃል ተነሥቶ ወደ ቡሹሎ የሚያቀና መንገደኛ ከተማው የት እንዳበቃ፣ ገጠሩ የት እንደጀመረ ለመለየት ይቸገራል። ከአዳዲስ ግንብ ቤቶች ጀርባ የእንሰት ጓሮ ይታያል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ የገጠሩ ነዋሪ ወደ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ስትቆረቆር የሲዳማ ሕዝብ በስፍራው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ነባሩ ነዋሪ እየመጣች ያለችው ከተማዋ ናት።

ከከተማዋ ጋር አብሮ የሚመጣው ለውጥ በመሬት ብቻ የሚለካ አይደለም። በሲዳማ ባህል የጋራ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰምታችኋል?» እንደማለት ነው። ጉዳዩ ለሁሉም ይነገራል፣ ሁሉም ይመክርበታል። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች በ«ሶንጎ» ተቀምጠው እውነቱን፣ በእነርሱ አጠራር «ሃላሌን»፣ ይፈልጋሉ። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያውቅና መሰብሰቢያ ሜዳ ሲኖር ነው። ሜዳው «ጉዱማሌ» ይባላል፦ ከብት ይግጥበታል፣ ጉባኤ ይካሄድበታል፣ የዘመን መለወጫው ፊቼ ጫምባላላ ይከበርበታል።

የካሳ ሕጉ እዚህ ላይ ይፈተናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀደመው ሕግ የተሻለ መሆኑ አይካድም። ምትክ መሬት ሳይሰጠው የእርሻ ይዞታውን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር፣ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንደሚያስፈልገው አምኗል። ሆኖም ስሌቱ በዓመት ገቢ ላይ የቆመ ነው። እንሰት ደግሞ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታትን ይፈጃል፤ ለቤተሰቡ የዓመት ምርት ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀን የሚቆይ ጎተራ ነው። የትስስር ካሳውም ቢሆን ለየተነሺው የሚታሰብ ገንዘብ ነው፤ ሶንጎ ግን ለአባወራ ተከፋፍሎ የሚደርስ ንብረት አይደለም።

ቀድሞ ይህ ቅሬታ በቀላሉ በ«ነባር» እና በ«መጤ» መካከል ያለ ልዩነት ተደርጎ ይቀርብ ነበር። ዛሬ እንዲያ ማለት ያስቸግራል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማን ክልል አድርጓል፤ የከተማዋ ማስፋፊያም የሚወሰነው በክልሉ ሥር ባለ አስተዳደር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ቤት ተመልሷል፦ የቦታ ፕላን ከመነደፉ በፊት አፊኒ ይባላል ወይስ ነዋሪው የሚሰማው ካዳስተር ለኪዎች ጓሮው ሲደርሱ ነው?

ፊቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በዓሉ ሲደርስ በሐዋሳው ጉዱማሌ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ያ ሜዳ ስሙ የገነነ በመሆኑ ጠባቂ አያጣም። ወደ ከተማ በሚካተቱ ቀበሌዎች ያሉት ትናንሽ ጉዱማሌዎች ግን በስማቸው የተጻፈ ባለይዞታ የላቸውም፤ ባዶ ቦታ ተፈልጎ ሲዞር መጀመሪያ ዓይን የሚያርፍባቸውም እነርሱ ናቸው።