ይቅርታ የሚጠየቅበት ስላይድ

በስብሰባ አዳራሾች ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ እየገጠምኩ ነው እንጀራዬን የማገኘው። መቀመጫዬ ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ በመሆኑ ተናጋሪው ከመድረክ የማያየውን አያለሁ። «ይቅርታ፣ ይቺኛዋ ትንሽ ደቃቃ ሆናለች» እያለ ሲቀጥል፣ እኔ ዘንድ ያሉት ሰዎች ስልካቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ለምን ይቀርባል?

ችግሩ የሚመስለኝ ሪፖርትን ከንግግር ጋር መደባለቃችን ነው። በወረቀት ተጽፎ ያለቀው ጉዳይ አንቀጽ በአንቀጽ እየተቀዳ ስክሪን ላይ ይለጠፋል። ተናጋሪው ጀርባውን ይሰጠንና ያነብልናል። አድማጩ ግን በዓይኑ ቀድሞት ጨርሷል፤ የቀረውን ጊዜ «ቀጣዩን» እስኪል መጠበቅ ነው። ሪፖርቱ በወረቀት ይታደል ወይም በቴሌግራም ይላክ። ስክሪኑ ላይ በዓይን ካልታየ የማይገባው ብቻ ይውጣ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅዱሱን ፊቱን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ግን በጎኑ በአንድ ዓይን ይሥላሉ። በብዙ የዓድዋ ሥዕሎችም የእኛ ሠራዊት ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ጠላት በጎኑ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ከሩቅ ቆሞ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። አንድ ደንብ ናት፤ ግን ከሥዕል ሥዕል ትርጉሟ አይዛነፍም። በእኛ ስላይድ ላይ ቀይ ቀለም አንዴ ኪሳራ፣ አንዴ ርዕስ፣ አንዴ እንዲሁ ጌጥ ነው።

ከውጭ ሰዎች የምወደው ሪቻርድ ፋይንማን ነው። ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በጥር 1986 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰዎችን ይዛ ስትጠፋ፣ የፊዚክስ ሊቁ ከመርማሪዎቹ አንዱ ነበር። በምርመራው ስብሰባ ላይ የሮኬቶቿን መጋጠሚያዎች ከሚያሽገው ጎማ ቁራጭ ወስዶ በመቆንጠጫ ጨመቀው፤ በረዶ ባለበት የውሃ ብርጭቆ ውስጥም ነከረው። አውጥቶ ሲፈታው ጎማው ወዲያው ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። መንኮራኩሯ የተነሣችው ደግሞ በብርዳም ጠዋት ነበር። ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግም በተንቀሳቃሽ ግራፎቹ ቢታወቅም፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለምን ሕዝብ ዕድገት ያስረዳው ጠረጴዛ ላይ በደረደራቸው የኢኬያ ሣጥኖች ነው፤ አንዱ ሣጥን አንድ ቢሊዮን ሰው።

እዚህ አገር ጎማና ሣጥን ማን ይከለክለናል? ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገር ሰው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ ይምጣ፤ አንዱ ከተራቆተ፣ ሌላው ሣር ከለበሰ መሬት የወረደ። ፍሊፕ ቻርትና ማርከርም አይናቁ። እየተናገሩ ሲሥሉ የሰው ዓይን እጅን ይከተላል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ፓወርፖይንት የግድ ነው ካላችሁ፣ ከሙያዬ ጥቂት ልጨምር። ስላይዱ እየታየ የእንግሊዝኛውን ቢ ፊደል ብትጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ያኔ አዳራሹ ሁሉ ወደ እናንተ ይዞራል። የእኛ ፊደል በትንንሽ ቅጥያ ስለሚለያይ ሉን ከሊ፣ ሩን ከሪ ከሩቅ ለመለየት ጎላ ማለት አለበት። ነጭ ላይ ቢጫ አትጻፉ፤ ፕሮጀክተር ይበላዋል። ፎንታችሁ እኛ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ስለሚችል በፒዲኤፍም ይዛችሁ ኑ።

በሻይ ዕረፍት ይህን ስናገር የሚመልሱልኝ አንድ ነው፤ «አለቃዬ ብዙ ስላይድ ካላየ አልሠራህም ይለኛል።» እውነታቸውን ነው። ስላይዱ ላልመጡት ሰዎች ሰነድ ሆኖ ስለሚላክ ሁሉም ነገር እንዲታጨቅበት ይፈለጋል። ስለዚህ ጥያቄዬ ለተናጋሪዎች ሳይሆን ለአዘጋጆች ነው፤ የጥሪ ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለት ፋይል ጠይቁ፣ አንዱ የሚነበብ፣ አንዱ የሚታይ። የሚነበበውን ከስብሰባው በፊት ላኩት፤ እኔ ጋ የሚደርሰው የሚታየው ብቻ ይሁን።