ማስጠንቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት

ይድረስ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለሕክምና ዳይሬክተሮችና ለነርሲንግ ኃላፊዎች፤

ሠራተኞቻችሁ ሲጋጩ የምትከተሉት አሠራር የታወቀ ነው። ሁለቱን ወገኖች ቢሮ ትጠራላችሁ፤ ጥፋተኛውን ትለያላችሁ፤ ለአንዱ ማስጠንቀቂያ ትጽፋላችሁ፤ አለበለዚያም «ተቻቻሉ» ብላችሁ ታሰናብታላችሁ። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ጠቡ ግን በማግስቱ ሥራ ይገባል።

ድንገተኛ ክፍልና ዋርድ በታካሚ ዝውውር የሚጣሉትን ጠብ ተመልከቱ። ድንገተኛ ክፍል «አሁኑኑ ተቀበሉን» ይላል፤ ዋርዱ «ከርክክብ በኋላ» ይላል። ኃላፊው ለአንዱ ይፈርዳል ወይም መሃል ላይ አንድ ሰዓት ቆርጦ ይሰጣል። ለምን እንዲህ እንዳሉ የጠየቃቸው የለም። ቢጠየቁ ኖሮ፣ ድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ለሚጠብቅ ሌላ ታካሚ ስትሬቸር እንደቸገረው ይናገር ነበር። የዋርዷ ነርስም ተራዋን በምታስረክብበት ሰዓት ካርዱ ያልተሟላ ታካሚ ተቀብላ፣ ሳይሰጥ ለቀረ መድኃኒት ተጠያቂ እንዳትሆን መፍራቷን ትገልጽ ነበር። ሁለቱ ችግሮች አብረው ይፈታሉ፦ አስቀድሞ መደወል፣ የተሰጠውንና የቀረውን መድኃኒት ጽፎ መላክ፣ ታካሚውን አልጋው ድረስ የሚያደርስ ነርስ መመደብ። ይህን መፍትሔ የትኛውም ማስጠንቀቂያ አያመጣውም።

ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የድርድር መጽሐፍ የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፦ ሰውን ከችግሩ ለዩ፤ ከአቋሙ ጀርባ ያለውን ፍላጎት አድምጡ፤ አማራጭ አብዙ፤ ሁሉም በሚቀበለው መለኪያ ወስኑ።

ሁሉም ነገር ለድርድር ይቅረብ አልልም። ባልደረባውን የመታ ወይም ያዋከበ ሰው ጉዳይ የዲሲፕሊን ነው። የተሠራበት የዲዩቲ ክፍያም ዕዳ ስለሆነ ይከፈላል እንጂ አይደራደሩበትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሆስፒታሎችን የሥራ ማቆም እርምጃ ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ይመድባቸዋል። በግል ሆስፒታል የሚሠራ ባለሙያ ሥራ ማቆም ካልቻለና ቢሮአችሁም ካላዳመጠው፣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ዝም ማለትን ወይም መልቀቂያ ማስገባትን ነው። ሁለቱም የሚጎዱት ታካሚውን ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጠብ ሲደርሳችሁ «ማን አጠፋ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ። መልሳቸውን መዝግቡ፤ መፍትሔውን ራሳቸው እንዲያወጡ ጊዜ ስጧቸው፤ ከወር በኋላም ሠርቶ እንደሆነ አብራችሁ ገምግሙ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የድንገተኛ ክፍል ነርስ