ቀጥታው መንገድ ውድ ነው

በዴንቨር አካባቢ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን፣ ሊፍቱን ትተን በእግራችን ተራራ ወጥተን በበረዶ ሸርተቴ መውረድ ከጀመርን ሰንብተናል። በመካከላችን ግን አንድ የተሳሳተ እምነት ሥር ሰድዷል፤ ይኸውም ዳገትን በቅልጥፍና ለመውጣት ቀላል ዕቃ ገዝቶ ወደ ጫፉ በቀጥታ ማቅናት ይበቃል የሚል ነው። ይህ እምነት ገንዘብንም ትንፋሽንም ያባክናል፤ ሲከፋም ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

የቀጥታው ወገን መከራከሪያ ሒሳብ ይመስላል። 600 ሜትር ከፍታን በ10 ዲግሪ ተዳፋት መውጣት ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ በ20 ዲግሪ ግን 1.75 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ርቀቱ በግማሽ ቀነሰ እንበል፤ ድካሙስ? የምንወጣው ከፍታ በሁለቱም መንገድ ያው 600 ሜትር ነው። ቀጥታው መንገድ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጨምርብናል።

ከሸርተቴው ሥር የሚለጠፈው ስኪን ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ጨርቅ ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ በረዶውን ይነክሳል። የሚነክሰው ግን ክብደታችን ሲጫነው ነው። ዳገቱ ቀጥ ሲል እናጎነብሳለን፤ ክብደታችን ወደ ምርኩዙ ይሸሻል፤ ስኪኑም ይከዳናል። የተረከዙን መደገፊያ እጅግ ከፍ ማድረግም እርምጃን ያሳጥራል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሸርተቴውን ከበረዶው ሳናነሣ ከዳሌያችን እየገፋን እናንሸራትተው። ቀና ብለን እንቁም። መንገዱን ለዘብ ባለ ተዳፋት እያጠማዘዝን እናውጣ፤ የምንዞረውም ሜዳ ቢጤ ቦታ ስናገኝ ይሁን። እየተጨዋወትን መሄድ ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው፤ 3,655 ሜትር ከፍታ ባለው በላቭላንድ ማለፊያ አየሩ ስስ ነውና ይህ ምልክት አይናቅም።

ቀላል ጫማ አይጠቅምም አልልም፤ በእግር ላይ ያለ ክብደት በጀርባ ላይ ካለው ይበልጥ ያደክማል። ለውድድር የሠለጠኑም ቀጥ ያለውን ዳገት በብቃት ይወጡታል። እኔ ግን ውድ ጫማ ከገዛሁም በኋላ ከጓደኞቼ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ሸርተቴዬን በየእርምጃው ማንሣቴን አልተውሁምና።

ጉዳዩ የላብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍሁ። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ቀጥታ የመውጣት ልማድም ወደዚያው ይመራል። በጸደይ ወራት ደግሞ ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው መውረድ ግድ ነው። ትንፋሹ ያለቀበት ቡድን ያረፍዳል፤ ካረፈደም በኋላ «ይህን ያህል ደክመን እንዴት እንመለስ?» ይላል። እኛ ኢኮኖሚስቶች ይህን ስሕተት እናውቀዋለን፤ የማይመለስን ወጪ ለማካካስ ሌላ ወጪ መጨመር ነው።

ስለዚህ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል የሚያወጣውን የዕለት ትንበያ ሳናነብና የመመለሻ ሰዓት ሳንቆርጥ ከቤት አንውጣ። ያገራችን ሰው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፤ በበረዶ ተራራ ላይ ግን ያፈሰሱትን መልቀም ሁልጊዜ አይቻልም።