በካርቶን ላይ ያለው ባንዲራና በካርቶን ውስጥ ያለው ስንዴ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ፓስታ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የጣሊያን ነው ወይ?» ብሎ ነው። ባለሱቁም አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀለም ያለበትን እሽግ ከመደርደሪያው አውርዶ ያቀርብለታል። ጥያቄውም መልሱም በዚሁ ያበቃል። እሽጉ ግን ስለ ቀለሙ ሳይሆን ስለ ስንዴው ሊመረመር ይገባው ነበር፤ የፓስታን መልካምነት የሚወስነው የተሠራበት አገር ስም ሳይሆን የተፈጨው እህልና የደረቀበት አኳኋን ነውና።

የኢጣልያ መንግሥት በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1967) ባወጣው ሕግ፣ በአገሩ የሚሠራው ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሆን አዘዘ። በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) የወጣው ድንጋጌም ይህንኑ አጽንቶ፣ የሴሞሊና ፓስታ እርጥበት ከመቶ 12.5 እጅ እንዳይበልጥ፣ ፕሮቲኑም በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 10.5 እጅ እንዳያንስ፣ የዳቦ ስንዴ ቅልቅል ደግሞ ከመቶ 3 እጅ እንዳያልፍ ወሰነ። ነገር ግን በዚሁ ድንጋጌ ውስጥ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ፤ ይኸውም ለጤና ጎጂ እስካልሆነና ለመንግሥት አስቀድሞ እስከተነገረ ድረስ፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከውን ፓስታ ከዚህ መጠን በተለየ አኳኋን መሥራት የተፈቀደ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሕጉ የሮማንና የናፖሊን በላተኛ በሚጠብቅበት መጠን የደሴን በላተኛ ይጠብቃል ማለት አይቻልም። የደሴውን በላተኛ ሊጠብቁ የሚችሉ አስመጪውና ባለሱቁ ናቸው። ባንዲራው የተሳለበት ሁሉ በኢጣልያ ተሠርቷል ማለትም አይደለም፤ ቀለም መቀባት ለማንም አይሳነውም።

ይህ ጉዳይ በወሎ ደጋ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ በኮምቦልቻ ግን 94፣ ከጦሳ ተራራ ሥር 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ደሴ ደግሞ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በእሽጉ ላይ የተጻፈው 9 ወይም 10 ደቂቃ ለደሴ ድስት አይበቃም፤ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ግድ ይሆናል። የዱረም ፓስታ ይህን ተጨማሪ ጊዜ ይችለዋል፤ ፕሮቲኑ እንደ መረብ ሆኖ ስታርቹን አጥብቆ ይይዘዋልና። ከዳቦ ስንዴ የተሠራው ግን መኻሉ ሳይበስል ዳሩ ይሟሟል፤ ውኃው እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ከድስቱም የሚወጣው ገንፎ ይሆናል። የቤቱ እመቤት በዚያን ቀን የምታማርረው ፋብሪካውን አይደለም፤ ስሙን አታውቀውም። የምታውቀው ባለሱቁን ነው።

አስተዋይ ነጋዴ ካርቶኖቹን ቆጥሮ ከመረከቡ በፊት አንዱን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ያያል። ጥሩ ፓስታ ወደ ብርሃን ሲያነሡት እንደ ማር የጠራ ቢጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። በላዩ ላይ እንደ ወተት የነጡ ነጠብጣቦች ቢታዩበት ሊጡ በደንብ አልታሸም፣ ወይም ባዕድ ዱቄት ገብቶበታል። ጥቁር ነጠብጣብ ቢበዛበት ስንዴው ከገለባው በሚገባ አልተለየም። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉበት በጥድፊያ የደረቀ ነውና በድስት ውስጥ ይሰባበራል። በእጅ ሲሰበርም መልካሙ ቀጭ ብሎ ድምፅ ይሰጣል፣ ስብራቱም እንደ መስተዋት የጠራ ነው። በእሽጉ ሥር ዱቄትና ስብርባሪ የተጠራቀመበት እንደሆነ ነገሩ ከዚያው ይታወቃል።

በቀለም ረገድ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሊጡ በነሐስ ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ የወጣ ፓስታ ፊቱ ሸካራና ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ሐመልማል ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ስጎውን ይዞ የሚያስቀረው ይህ ሸካራነቱ ነው። በቴፍሎን የወጣው ያብረቀርቃል፣ ቢጫነቱም የደመቀ ነው። ወደ ቀይ ቡናማነት ያዘነበለው ግን በኃይለኛ ሙቀት፣ በጥቂት ሰዓት የደረቀ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ከ60 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ይህ ሁሉ ሆኖ የመጨረሻው ዳኛ ድስቱ ነው። አንድ መቶ ግራም በአንድ ሊትር ውኃ ቀቅሎ የውኃውን ጥራት ማየት ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድም፤ የመቶ ካርቶን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ቢያወጣ አይጎዳም።

በእሽጉ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም የሥራው ክፍል ነው። «ሴሞላ ዲ ግራኖ ዱሮ» የሚለው የዱረም ስንዴ ሴሞሊና ሲሆን፣ «ግራኖ ቴኔሮ» የሚለው የዳቦ ስንዴ ነው። በመቶ ግራም ውስጥ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን የተጻፈበት ይመረጣል። «ኡኦቮ» የሚል ቃል ካለበት እንቁላል አለበትና ለጾም ደንበኛ አይሸጥም። አስመጪውም ከላኪው ጋር ሲዋዋል «ፓስታ» ብቻ ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የስንዴውን ዓይነትና የፕሮቲኑን መጠን በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይድናል።

ርካሹ ፓስታ ከገበያ ይውጣ ማለት አይደለም። ኪሱ የሳሳ ሰው ይገዛዋል፤ የሚያጠግብም ምግብ ነው። ነገር ግን በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ይሸጥ። ስንዴውን ደብቆ በባንዲራው ብቻ በዱረም ዋጋ መሸጥ ንግድ ሊባል አይገባውም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ እህል ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ ያስደነቀው የዱረም ስንዴዋ ዓይነት ብዛት ነበር። በወሎ ደጋ ዋልካ አፈር ላይም ገበሬው ይህን ስንዴ ከአባቶቹ ተቀብሎ ሲዘራ ኖሯል። ገበያ ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ ከዳቦ ስንዴ ጋር በአንድ ጆንያ ተቀላቅሎ፣ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። የእህል ነጋዴው ሁለቱን ለይቶ ለዱረሙ በኩንታል ጥቂት ብር ጨምሮ ቢገዛ፣ ገበሬው በሚመጣው ዓመት ለይቶ ይዘራዋል፤ ፋብሪካውም ዱረም አጣሁ ብሎ የዳቦ ስንዴ የሚፈጭበት ምክንያት አይኖረውም።