ዲስኩ በሰኔ መጣ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ እማዬ ዶሮውን ልታወጣ ስትል ስልኬ ጮኸ። የፋሲካ ሌሊት ነው። «ደግሞ ዛሬ! ይሄ የሚደውለው ሰውዬ ቤተሰብ የለውም?» አለች ጭልፋውን እንደያዘች። አለው እንጂ፤ እሱም ከማዕድ ተነስቶ ነው የደወለው።

ያኔ የአንድ ባንክ የሲስተም ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ሹር አገሩ ሁሉ ለበግና ለዶሮ ገንዘብ ሲልክ ይውላል። በዚያ ሌሊት የዕለቱ ሒሳብ መዝጊያ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ፤ ዲስኩ ሞልቷል። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ የድሮ ሎግ እየሰረዝኩ ቦታ ሳስለቅቅ ነጋ። የእኔ ድርሻ ወጥ ቅቤው ረግቶበት ጠበቀኝ።

ያንገበገበኝ እንቅልፉ አይደለም። ዲስኩ እንደሚሞላ ከአራት ወር በፊት በደብዳቤ አሳውቀን፣ አዲስ ጠይቀን ነበር። ደብዳቤው ፊርማ ይጠብቃል። ፈራሚው ተኝቷል፤ የነቃሁት እኔ ነኝ።

አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክ በ1979 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያሳተመው ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው፦ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ሥራው በዝቶ የመወሰን ሥልጣኑ ሲያንስ ነው። እኔም አይቼዋለሁ። ዲስኩ በሞላበት ዓመት ራሳችን ያሰብነውን የሪፖርት ፕሮግራም ስንሠራ ሦስት ሌሊት ቢሮ አድረናል፤ ጠዋት ላይ እየሳቅን ፉል ስንበላ ትዝ ይለኛል።

አለቆቻችን ግን ድካሙን የእኛ ድክመት አደረጉት። አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስበው ስለ ጭንቀት አያያዝ አሠለጠኑን። (ቡናው ጥሩ ነበር።) የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በሥራ ዝሎ መውደቅን ሲተረጉም በሽታ አላለውም፤ በቅጡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ያለው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ለሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን 2.5 እጥፍ ያደርገዋል። ደህና። ስልኩ ይጮሃል እያሉ በአንድ ዓይን የሚያድሩት ሌሊትስ በስንት ይባዛል? ሁሉም ነገር ሲሠራ ስምህን የሚያውቅ የለም። ገንዘብ ከፋዩ «ሲስተም የለም» ባለ ቀን ግን እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ ስምህ ይጠራል።

ዲስኩ በሰኔ መጣ። የገጠመው ሌላ ልጅ ነው፤ እኔ ለቅቄ ነበር።