ላዩ ጀሶ፣ ውስጡን ለቄስ!

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። “ዷ!” የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እኔ ሌባ መሰለኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቆርቆሮው የተገነጠለ መሰላት። መብራት የለም (መቼ ነበርና!)። በሞባይል ብርሃን ዞር ዞር ብለን ስናይ፣ የአንድ ጎልማሳ ደረት የሚያህል ጀሶ ከግድግዳው ተገንጥሎ የልጃችን ትራስ ላይ ተዘርግቷል። ልጅቷ ያን ሌሊት ሆዷን ቆርጧት እኛ መሃል ገብታ ተኝታ ነበር። እግዜር ሲጠብቅ እንዲህ ነው!

“ስንት የአገር ጉዳይ እያለ ይኸ ሰውዬ ስለ ልስን ይጽፋል እንዴ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዎ፣ እጽፋለሁ። ይህንን ጋዜጣ ገዝቶ ከሚያነበው ሰው አብዛኛው እንደ እኔ ተከራይ ነው፤ የሚያድረውም ሌላ ሰው በለሰነው ግድግዳ ሥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን መጀመሪያ ያየነው ሚያዝያ ላይ ነበር። ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳው አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው፦ ከታች እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ነጭ ውሃ ቀለም። እናቶቻችን ዘይት ቀለም የሚወዱት በጨርቅ ስለሚወለወል ነው፤ የልጅ እጅ ቢነካው፣ ጥላሸት ቢይዘው፣ በሳሙና ይለቃል። ትልቅ ብልሃት ነው። ቀለሙ ግን እዚህም እዚያም ተልጧል፤ ታች ወለሉ አካባቢ ግድግዳው ወዝቷል። “እትዬ፣ ይኸ ነገር እርጥበት አለው መሰለኝ?” አልኳቸው አከራያችንን። “ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ይታደሳል” አሉኝ። እውነትም በሳምንቱ ስንመለስ ቤቱ የተላጠ እንቁላል መስሎ ጠበቀን። ኪራዩም ሁለት ሺህ ብር ጨምሮ ጠበቀን። “ለእድሳቱ ነው” ተባልን። እኛም ነጩን ግድግዳ አይተን ሻንጣችንን አስገባን። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሏል ይኼ ነው።

ትራሱ ላይ ጀሶ በወደቀ ማግስት ዕድሜያቸውን በሙሉ በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ የሠፈራችንን አዛውንት ለምኜ አመጣሁ። ሰውዬው ሲገቡ ግድግዳውን አላዩትም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ስባሪ አንስተው ገለበጡት።

“ጀርባውን እየው” አሉኝ።

አየሁት። የጀሶው ጀርባ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ያበራል። አልፎ አልፎም አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል።

“ገባህ? ይኸ ልስን ግድግዳውን አንድም ቀን ይዞት አያውቅም። ተደግፎ ቆሞ ነበር እንጂ።”

ቀጥለው በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን እየመቱ ዞሩ። ከላይ ነጭ ውሃ ቀለም የነበረበት ቦታ “ድብ፣ ድብ” ይላል። ከትከሻ በታች ያለው ግን እንደ ከበሮ ነው። ባዶ! አንድ ቤት፣ አንድ ጀሶ፣ አንድ ለሳኝ ሆኖ የላይኛው አብዛኛው ይዟል፣ የታችኛው ለቋል። ልዩነቱ ሥሩ ያለው ቀለም ብቻ ነው።

ምክንያቱን እሳቸው እንደነገሩኝ፣ እኔም በኋላ አንብቤ እንዳረጋገጥኩት ላስረዳ። ልስን ግድግዳን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጠጣት ነው፤ ብሎኬት፣ ጡብ ወይም የቆየ ልስን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው የአዲሱን ልስን ውሃ ይመጠዋል፣ ከውሃው ጋርም ጀሶው ወይም ሲሚንቶው ወደ ቀዳዳው ገብቶ እዚያው ይደርቃል። ሁለተኛው መንከስ ነው፤ ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ልስኑ ጉድጓድ ለጉድጓድ ገብቶ ይቆነጥጣል። ዘይት ቀለም ሁለቱንም ይዘጋል፤ አይጠጣም፣ አያስነክስም። ውሃ ቀለም የተሻለ ነው ቢባልም እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። እርጥብ ልስን ሲደርስበት የሚርስና የሚለቅ ርካሽ ቀለም አለና። ያን ጊዜ ልስኑ ቀለሙን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ቀለሙ ደግሞ ግድግዳውን ይለቃል። ከነልጣጩ መውረድ ነው!

እኛ ቤት ሌላም ጣጣ አለ። ጀሶና ውሃ አይዋደዱም። ጀሶ እኛው አገር፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ጎሃ ጽዮን አካባቢ ሳይቀር የሚገኝ ድንጋይ ነው (ስሙን ግን የወረስነው ከጣልያን ነው)። ድንጋዩ 150 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ውሃ ይወጣና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ መልሶ ውሃ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። አንዴ ከጠነከረ በኋላ ግን ውሃ እየነካው ከቆየ ይልማል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ከመሠረት እርጥበት በሚሳብ ግድግዳ ላይ ጀሶ መለሰን ስኳር በሻይ ላይ እንደመደገፍ ነው። ለሳኞቻችን ደግሞ የቸኮሉ ጊዜ አንድ ክፉ አመል አላቸው፤ ጀሶው ባልዲ ውስጥ መጠንከር ሲጀምር ውሃ ጨምረው እያማሰሉ ይቀቡታል። የሞተ ጀሶ ነው እኮ! መልኩ ያው ነው፣ ጉልበት ግን የለውም።

የጭቃ ቤቱ ጉድ ራሱን የቻለ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱት ቤቶች፣ ወሩ እስከ መቶ ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች መሰጠታቸው ይታወቃል። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግድግዳውን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ አንድ እጅ፣ ለፋሲካ አንድ እጅ፣ ልጅ ሲዳር አንድ እጅ እየተቀባ ሃያ ሠላሳ ድርብ ቀለም ይጠራቀማል። ከቀለሙ ሥር ደግሞ ጋዜጣ ይገኛል። አዎ፣ ጋዜጣ! ጭቃው እንዳይራገፍ አዲስ ዘመን በዱቄት ሙጫ ይለጠፍ ነበር። እኔ ፊደል ከቆጠርኩባቸው ቦታዎች አንዱ የአያቴ ቤት ግድግዳ ነው፤ ዜናውን ግማሹን አልጋው ስለሚሸፍነው መጨረሻውን አላውቅም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ቀለምና ወረቀት ላይ ነው ዛሬ ሲሚንቶ ወይም ጀሶ የሚደፋው። ሲሚንቶ ደግሞ ከጭቃ የጠነከረ ነው፤ ጭቃው በበጋ ሲሰበሰብ፣ በክረምት ሲያብጥ አብሮ አይንቀሳቀስም። ጠንካራውን ደካማው ላይ ስታለብሰው በቁሙ ይላቀቃል። ሽቦ በምስማር ከእንጨቱ ጋር ሳይያዝ፣ የላላው ጭቃ ሳይራገፍ የተለሰነ የጭቃ ቤት ሁለት ክረምት ከቆየ ዕድለኛ ነው። ለጭቃ የሚስማማው በጭድ የተቦካ ምርግ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ እኛ ግን ምርግ “የገጠር ነው” ብለን ናቅነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቀለም የተቀባ ቤት አይለሰን አላልኩም። ይለሰናል፣ ሥራ አለው እንጂ! ሽማግሌው መጀመሪያ በእጃቸው ውሃ ግድግዳው ላይ ረጩ። ጠብታው እንደ እንባ ተንከባሎ ከወረደ ግድግዳው ዝግ ነው፤ ከጠቆረና ከጠጣው ተስፋ አለው። ቀጥሎ ቀለሙን በምላጭ መስቀልኛ ጭረው የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ነጠቁት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። “ራሱን ያልቻለ ቀለም እንዴት ልስን ይሸከማል?” አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉልበት ነው። የላላው ቀለም ሁሉ ይፋቃል። የወጥ ቤት ግድግዳ ከሆነ ዘይቱና ጥላሸቱ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የማይለቀው ዘይት ቀለም በመሮና በመዶሻ እየተወቀረ ይቆስላል። “ማቁሰል” የሳቸው ቃል ናት፤ ጥቅጥቅ ያለ የፈንጣጣ ጠባሳ እስኪመስል፣ ሥሩ ያለው ግድግዳ እስኪታይ ድረስ። ብናኙ ተጠርጎ ግድግዳው ውሃ ይረጫል። ለሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቀጠን ያለ ሲሚንቶና አሸዋ በማንኪያ እየተወረወረ ይመታና ሻካራ ሆኖ እንዲደርቅ ይተዋል፤ ዋናው ልስን፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት ወይም ለአራት እጅ አሸዋ፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጥቂት ቀናትም ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ እንጂ በፀሐይ አይደለም። ለስስ ጀሶ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ ቀድሞ ይቀባል። እርጥበት ካለ ግን ሁሉም ይቆያል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጎ መዝጋት ነው። እኛ ቤት ውሃው ይመጣ የነበረው ጓሮ ካለ የተደፈነ ቦይ ነው። የአንድ ቀን አካፋ ሥራ!

ስለ መፋቅ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ማዕድኑን ነው፣ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳውን። በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን ማን ያውቃል? ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። እያረጠባችሁ ፋቁት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይውጡ፣ የተፋቀው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጣል። የእኛ ለሳኝ እንኳን ይህን ሊያደርግ፣ አንዲት ቅርፊት አልፋቀም።

በለሳኙ ግን ብዙም አልፈርድም። በካሬ ነው የሚከፈለው። ቶሎ የጨረሰ ይበላል፣ ያቆሰለና ያጠበ ይከስራል። “በሁለት ቀን አድርስልኝ” ያለው ማነው? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለአፍሳሿ እንጂ ለተደፋባት አይደለም። እዚህ ግን ያፈሰሱት ሌላ፣ የተደፋብን እኛ!

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደህና ይዞታ እንዲያስረክብና እንዲጠግን ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ተመን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ጥሩ ነው። ግን ውሉ ላይ “ሁለት ክፍል፣ የታደሰ” ተብሎ ሲጻፍ እድሳቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ማን አለ? ከዚሁ ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት የዋና ዋና መንገዶቻችን ዳር ተለስኗል፣ ተቀብቷል፣ መብራት ተተክሎለታል። ዓይን ያለው ያያል፤ አልክድም። ከመንገዱ ጀርባ፣ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ሕፃን የተኛችበትን ግድግዳ በጣቱ አንጓ የሚያንኳኳ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቢያንስ አዲስ ውል ሲመዘገብ አንድ ሰው መጥቶ “ድብ” ይላል ወይስ ከበሮ ነው ብሎ ቢሰማ ምን ነበረበት? መዶሻ እንኳን አያስፈልገው፤ ጣት ይበቃዋል።

የጀሶውን ስባሪ በፌስታል አድርጌ ለእትዬ አሳየኋቸው። ገልብጠው አዩት፣ አማተቡ። “ውይ! ልጅቷ ተርፋለች አይደል?” አሉ፤ ከልባቸው ነው የደነገጡት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና “በቃ፣ ለመስቀል በአዲስ ጀሶ አስደፍንልሃለሁ” አሉኝ።

“የለም እትዬ፣ መጀመሪያ አረንጓዴው ይፋቅ፣ ቦዩም ይከፈት።”

“እሱማ ብዙ ወጪ ነው እኮ የኔ ልጅ።”

አልጋውን ወደ መሃል ስበነዋል። ቤቱ ጠቦናል። ቦዩን እኔው ባለፈው እሁድ ቆፍሬ ከፍቼዋለሁ፤ የመሮውን ሥራ ሽማግሌው በግማሽ ዋጋ ሊሠሩልኝ ተስማምተናል። ከኪራዩ ላይ እንደምቀንሰው ለእትዬ በጽሑፍ አስታውቄአለሁ፤ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።